ስም ያለው ጎራዴ

ቤቴ የሚመጣ ሀበሻ ሁሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጎራዴዎች አይቶ «የአሜሪካ መኮንን ጎራዴ ላንተ ምንህ ነው?» ይለኛል። ሁልጊዜ ቡና እየጠጣን ባጭሩ መልሼ አልፋለሁ። ዛሬ ግን በደንብ ልመልስ።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ የሟች ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 የተደነገገው የእግረኛ መኮንን ጎራዴ ነበር። ብረቱ ጎበጥ ያለ፣ እጀታው በዓሣ ቆዳ ተለብጦ በናስ ሽቦ የተጠመጠመ፣ ሰገባው ጥቁር ቆዳ። ቤት እንደገባሁ ዝገቱን ላስለቅቅ ብዬ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ፈገፈግኩት። ብረቱ አበራ፤ በላዩ በስሱ ተቀርጾ የነበረው ንስርና «ዩ ኤስ» የሚለው ፊደል ግን አብሮ ተፋቀ። ከ150 ዓመት በላይ የቆየውን በአንድ ከሰዓት አጠፋሁት። ጸጸቱ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

ያ ጎራዴ በተሠራበት ዘመን ተራው ወታደር ጎራዴውን ከመንግሥት ይረከባል፤ መኮንኑ ግን በራሱ ገንዘብ ይገዛል። ጎራዴው ማሳቹሴትስ ቺኮፒ ከነበረው ከኤምስ ፋብሪካ፣ ከፊላደልፊያው ሆርስትማን፣ አልያም ብረቱ ከጀርመኗ ዞሊንገን የመጣ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱን ደግሞ ወታደሮቹ ወይም የአገሩ ሰዎች አዋጥተው ያበረክቱለታል፤ ሰገባው ላይም ስሙንና ቀኑን ያስቀርጹለታል። እኛ ሰብሳቢዎች ከወርቅ ቅቡ አስበልጠን የምንፈልገው ያንን ስም ነው። ስም ከተገኘ ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ገብቶ የአገልግሎት መዝገቡንና የጡረታ ማኅደሩን ማገላበጥ ይቻላል። በዚያ ወረቀት ውስጥ ብረቱ ሰው ይሆናል፦ የት እንደቆሰለ፣ ማንን እንዳገባ፣ ሲሞት ለጡረታው ማን እንዳመለከተ።

ስም ስላየን ብቻ ግን አንቸኩል። የእጀታው ጫፍ ላይ የራስ ቁር ያጠለቀ ባላባት ፊት፣ ብረቱ ላይም መስቀል ካለ የጦር ሳይሆን የማኅበር ጎራዴ ነው። ቴምፕላር የተባለው የወንድማማቾች ማኅበር አባላት ስማቸውን አስቀርጸው ለሰልፍ ይታጠቁት ነበር። ብዙ ጀማሪ የመኮንን መስሎት ይገዛዋል።

የመኮንኑ ጎራዴ ምን ያህል የግሉ እንደነበር የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 1865 የደቡቦቹ ጄኔራል ሊ ቨርጂኒያ ውስጥ አፖማቶክስ ላይ እጁን ሲሰጥ፣ የሰሜኖቹ ጄኔራል ግራንት የተሸናፊዎቹ መኮንኖች የጎን መሣሪያቸውን እንዲይዙ ፈቀደ። ሊም ጎራዴውን እንደታጠቀ ሄደ። ጠመንጃው ለአሸናፊው ተሰጠ፤ ጎራዴው ግን ከባለቤቱ ጋር ቀረ።

ከዚያ ትውልድ አንዱ የእኛንም አፈር ረግጧል። ዊልያም ሎሪንግ አንድ ክንዱን በሜክሲኮ ጦርነት አጥቶ፣ ኋላም ለደቡቦቹ በጄኔራልነት ተዋግቶ፣ ከሽንፈቱ በኋላ በግብፁ ገዥ በኸዲቭ እስማኤል ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1876 ጉራዕ ላይ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በተሸነፈው የግብፅ ጦር ውስጥ የጦር አዛዡ የራቲብ ፓሻ ኤታማዦር ሹም ነበር። ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ጎራዴ ባዕድ የማይሆንብኝ።

አሁን የእኔ ተራ ነው፤ ልለምናችሁ። አያታችሁ የታጠቀው ጎራዴ አገር ቤት ግድግዳ ላይ ካለ አትፈግፍጉት። በባዶ እጅ ብረቱን አትንኩ፣ ላብ ያዝገዋል። ቀጭን ዘይት በለስላሳ ጨርቅ ቀቡት፤ እርጥበት ከሚይዝ የቆዳ ሰገባም አውጡት። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ለእናታችሁ ደውሉ። የማን እንደነበር፣ የት እንደዘመተበት፣ ከማን እንደወረሰው ጠይቁና ጽፋችሁ እጀታው ላይ እሰሩት። እኔ ቤተ መዛግብት ገብቼ ከብዙ ልፋት በኋላ የማገኘውን ስም፣ እናንተ በአንድ ስልክ ታገኙታላችሁ።