የጀልባው ፈቃድ የእኛ ፈቃድ አይደለም

ከመተማ ገላባት፣ ከገላባት ገዳሪፍ፣ ከዚያም ካርቱም የተመላለሳችሁ እህቶችና ወንድሞች የንግድ ወረቀትን ነገር ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። የመዝናኛ ወረቀት የሚባል ነገር እንዳለ ግን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል? እኛም ያወቅነው ካርቱም ከከረምን በኋላ ነው፤ የተማርነውን ዛሬ እንጻፈው።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በፊት ዴም ሰፈር የምንኖር ነጋዴ ሴቶች ዓርብ ዓርብ ከነቤተሰባችን ጀልባ እየተከራየን ወንዝ ላይ እንወጣ ነበር። ነጭ አባይና ጥቁር አባይ ከሚገናኙበት ከመግረን ተነስተን በቱቲ ደሴት ዳር እንዞራለን። ባሎቻችንና ልጆቻችን መንጠቆ ይጥላሉ፤ እኛ ስለ ሳምንቱ ዋጋ እናወራለን። የሚወጣው ዓሣ እንግዳ አልነበረም። እነሱ ቡልቲ የሚሉት የእኛው ቆሮሶ ነው፤ ገርሙጥ የሚሉት አምባዛ ነው። ዒጅል የሚባለውን ትልቁን ዓሣ ግን ጣና ላይ አታገኙትም፤ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርደው ጢስ ዓባይ ወደ ላይ አያሳልፈውም።

መጀመሪያ ላይ የሁላችንም ሐሳብ አንድ ነበር፤ ባለጀልባው ሩኽሳ ካለው እኛ ምን አገባን? አገር ቤት ሆነን ቢሆን ይህን ጥያቄ ማንም አያነሳውም። ካርቱም ላለ ሐበሻ ግን ወረቀት ማለት ሌላ ነው። ከሻ ሲመጣ ኢቃማውን ያላሳየ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ለመዝናናት ወጥቶ ልጅን ፖሊስ ጣቢያ ፍለጋ መዞር ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን ዐረብኛ አጥርታ የምትናገረውን ይዘን መጠየቅ ጀመርን። የገባን ነገር ይህ ነው፤ አንድ ጀልባ ላይ አራት ዓይነት ወረቀት ይሳፈራል።

አንደኛው የሰውየው ነው፤ ኢቃማው። ሁለተኛው የጀልባው ነው፤ ሰው አሳፍሮ ውሃ ላይ እንዲሄድ የሚፈቅድለት። ሦስተኛው የማጥመጃው ነው፤ ማን፣ የት፣ በምን መሣሪያ እንደሚያጠምድ የሚናገር። አራተኛው የሽያጩ ነው፤ የተያዘውን ዓሣ ገበያ ለማውጣት። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ቦታም ይለያያል። የሱዳን የወንዝ ዓሣ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣ ነው፤ የቀይ ባሕሩ ደግሞ በ1937 የወጣ ሌላ ሕግ ነው። ስለዚህ ፖርት ሱዳን ያለ ዘመዳችሁ የባሕር ፈቃድ አለኝ ቢላችሁ ካርቱም ላይ አይጠቅማችሁም፤ የእናንተም እዚያ አይጠቅመውም።

ፈተናው የመጣው ከቢሮ አይደለም፤ ከራሳችን ጀልባ ነው። አንድ ዓርብ ረይሱ መረቡን ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ወንዙ ላይ ዘረጋው። ሰው አጥማጅ ነው፤ ኑሮው ነው፤ በኪራያችን ብቻ ልጆቹን አያሳድግም። መረቡ ሲሳብ ቡልቲው ሞልቶ ወጣ። ከእኛ አንዷ ዓይኗ በራ፤ "ግማሹን እንግዛውና የኛን ጨምረንበት መውረዳ ገበያ እናውጣው" አለች። መውረዳ የኦምዱርማኑ የዓሣ ገበያ ነው፤ ከጀልባችን ሩቅ አልነበረም። ሐሳቧ የነጋዴ ሐሳብ ነው፤ አልፈረድንባትም።

ግን ነገሩን አሰብነው። ዓሣው አንድ ዓይነት ነው፤ ወንዙም ጀልባውም አንድ ነው። የሚለየው ለምን እንደተያዘ ነው። በመንጠቆ ለእራት የያዝነው የመዝናኛ ነው። ከረይሱ ዓሣ ጋር ቀላቅለን የሸጥነው ቀን እኛ ያለ ንግድ ፈቃድ የምንሸጥ የውጭ ዜጎች እንሆናለን፤ እሱም ፈቃዱን ለሌላ ሰው ያከራየ ይመስላል። የሚጎዳው ደግሞ ከእኛ ይልቅ እሱ ነው። እኛ ሱቅ አለን፤ እሱ ያለው ያቺ ጀልባ ናት።

ኮሜርስ የተማርን ሰዎች ይህን ከሂሳብ መዝገብ እናውቀዋለን። ባለሱቋ ከመደርደሪያዋ አንድ ኪሎ ስኳር ለቤቷ ስትወስድ በግል ወጪ ትመዘግባለች፤ ስኳሩ ያው ስኳር ነው፣ መዝገቡ ግን ይለያል። የግልና የድርጅት ሲደባለቅ ኦዲተር ሲመጣ የትኛው የማን እንደሆነ ማንም አያስረዳም። ስለዚህ ሁለት ባልዲ ያዝን። አንዱ የረይሱ፣ አንዱ የእኛ። የእኛው እዚያው ተጠብሶ ይበላል፤ የእሱን እሱ ይሸጣል። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የወንዝ ጠባቂዎች አስቁመው "ይህ የማን ነው?" ብለው ሲጠይቁ መልሱ አጭር ነበር። ባልዲዎቹን አዩ፣ ወረቀቶቹን አዩ፣ አሰናበቱን። "ዓሣ መብላት በብልሃት" የሚባለው ለእሾሁ ብቻ አይመስለንም።

ገንዘብ ስትከፍሉም አንድ ነገር ልብ በሉ። ሱዳን ውስጥ የመንግሥት ክፍያ ኦርኒክ 15 በሚባለው ደረሰኝ ነው የሚሰበሰበው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኤሌክትሮኒክ ተቀይሯል። ያለ እሱ የተከፈለ ብር የፈቃድ ክፍያ አይደለም። "እኔ እጨርስላችኋለሁ" የሚል ደላላ ቢመጣ በመጀመሪያ የምትጠይቁት ደረሰኙን ይሁን።

ይህ ሁሉ የካርቱም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጦርነቱ ሸሽታችሁ ባሕር ዳር የከተማችሁ፣ በጣና ደረቅ ዓሣ ወደ ሱዳን የምትነግዱም አላችሁ። እኛም አገር ሕግ አለ፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995። ለንግድ የሚያጠምድ ሰው በእሱ መሠረት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ምክንያቱን ደግሞ ጣና ራሱ ይናገራል። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል፤ አጥማጅ መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ከዘረጋ እናቲቱን ከነዕንቁላሏ ይይዛታል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ነጭ ዓሣ ከአራት ሦስት እጅ ያህል እንደቀነሰ አግኝተዋል። ያ ዓሣ ካለቀ የደረቀውም ንግድ አብሮ ያልቃል፤ ጎዳሪውም ነጋዴውም እኩል ባዶ እጁን ይቀራል።

እንግዲህ ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ረይሱን አራት ነገር ጠይቁ። ጀልባው ስንት ሰው እንዲጭን ተፈቅዶለታል? ማጥመጃው በማን ስም ነው? ይህ ውሃ በዚህ ወር ይጠመድበታል? ዓሣው የማን ነው? ኢቃማችሁንና መታወቂያችሁን ከነቅጂው በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ ድንበር ማዶ ላለ ዘመድ ላኩ። ጦርነቱ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲጀምር ስንቶቻችን ወረቀታችንን ቤት ጥለን እንደወጣን አይረሳም። መተማ ስንደርስ ከመካከላችን ማንነቷን በቀላሉ ያስረዳችው ቅጂውን አስቀድማ ለእህቷ የላከችው ነበረች።