ከምድጃ ጀርባ የሚገባ መስታወት
በአዲስ አበባ ለቡ ሰፈር ባሉ አዳዲስ ቤቶችና አፓርታማዎች ከምድጃ ጀርባ ያለው ግድግዳ በብዛት ሴራሚክ ይለብሳል። የቁሌት ዘይትና የበርበሬ ቀለም ግን በሴራሚኩ መገጣጠሚያዎች ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ ወጥ መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ለእሳት አጠገብ የሚሆነው ግን ተራ መስታወት ሳይሆን ቴምፐርድ የሚባለው ነው። ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ በአየር በፍጥነት ስለሚቀዘቅዝ ከተራው 4 እጥፍ ገደማ ይጠነክራል፤ ቢሰበርም እንደ ስለት ሳይሾል ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይለወጣል። አንዴ ቴምፐርድ ከሆነ በኋላ ግን አይቆረጥም፣ አይበሳም። ስለዚህ ልኩ፣ የሶኬቱ ቀዳዳ ሳይቀር፣ ካቢኔቱ ከተገጠመ በኋላ መወሰድ አለበት፤ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣው ቀድሞ በማዘዝ ነው። የመስታወቱ ቀለም ከጀርባው ይቀባል። ተራ መስታወት ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ፣ ንጹህ ነጭ የፈለገ ሰው የብረት ይዘቱ የተቀነሰውን ዓይነት ይጠይቅ።