ስለ ዜማ መምህራንና ስለ በይነ መረብ ቤተ መጻሕፍት

ልጅን ፊደል ማስቈጠር የወላጅ ዕዳ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ዜማ ማስለመድም እንዲሁ ነው። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ መምህር የኖታ መጽሐፍ ከሌለው በምን ያስተምራል? እያልሁ አስብ ነበር። ይህ ችግር አሁን በከፊል ተቃልሎአል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. የተመሠረተው አይ ኤም ኤስ ኤል ፒ የተባለው የበይነ መረብ ቤተ መጻሕፍት፥ የደራሲነት መብታቸው ዘመኑ ያለፈባቸውን የባኽንና የሞዛርትን የመሳሰሉ ድርሰቶች ያለ ዋጋ ያድላል። ሙዝስኮር የሚባለውም ፕሮግራም መምህሩ የሰማውን ዜማ ራሱ በኖታ ይጽፍ ዘንድ ያለ ገንዘብ ያገለግላል።

ይሁን እንጂ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ልጆቻችን የባዕዱን ድርሰት አጥንተው ትዝታን፥ ባቲን፥ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለይቶ ማወቅ ቢሳናቸው፥ የጎረቤትን ቤት አውቆ የአባትን ደጃፍ እንደ መሳት ነው። የእነዚህ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው ድምፅ አምስት ብቻ ነው፤ ዳሩ ግን በመሰንቆው የፈረስ ጭራ ላይ የሚንሸራተተውን ድምፅ ኖታ ሁሉን አይዘውም።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ከበይነ መረብ የሚገኘውን በደስታ ተቀበሉ፤ የአገራችሁን ዜማ ግን ከአዝማሪው አፍ ሰምታችሁ፥ ጽፋችሁም ለተማሪዎቻችሁ አስረክቡ። በሕይወት ሳለ ያልተጠየቀ ባለሙያ ሙያውን ይዞ ይቀበራልና።