ዱባ

ነቀምቴ በመምህርነት ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን ኦሮምኛዬ ከ"አካም" አያልፍም ነበር። ቤት የተከራየሁት ቡርቃ ጃቶ ነው። ቡርቃ ማለት ምንጭ ማለት እንደሆነ አከራዬ የነገሩኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። ያመንኳቸው ግን ሐምሌ ላይ ነው፤ ከደጃፋችን ያለው ሜዳ በየቦታው ውኃ ሲያፈልቅ። በበጋ ቀይ አቧራ፣ በክረምት ቀይ ጭቃ፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎኑ ያዘነበለ፣ በአራት ድንጋይ ሁለት ጎል የተሠራለት ሜዳ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከሚሞሉት ልጆች መካከል ሴቷ አንዲት ብቻ ነበረች፤ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ኳሱ በተጀመረ ቁጥር ወንዶቹ "ዱባ! ዱባ!" እያሉ ይጮኹባታል። ሦስት ቀን ታገሥኩ። በአራተኛው መምህርነቴ አላስቀምጥ አለኝና ሜዳው መካከል ገብቼ "ሰው በመልኩ አይሰደብም! እናንተስ ቅል ብትባሉ ደስ ይላችኋል?" ብዬ ተቆጣሁ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። ከሁሉም የባሰች ሳቂ እሷው ነበረች። ለካስ እነሱ "ዱ"ን ረዘም አድርገው የሚሏት ቃል በቋንቋቸው "ኋላ" ማለት ነው። ወደ ኋላ ሂጂ፣ ከኋላ ቁሚ ነው ነገሩ።

ትርጉሙን ካወቅሁ በኋላ ግን ስድቡ ጭራሽ የጠፋ አልመሰለኝም። የሰፈር ኳስ ሕግ የታወቀ ነው። ባለ ኳሱ አጥቂ ይሆናል፤ ጎበዙም አጥቂ ይሆናል፤ መሮጥ የሰነፈው በረኛ ይሆናል፤ ማንም ያልፈለገው ቦታ ለተረፈው ሰው ይተርፋል። ልጅቷ ባለ ኳስ አይደለችም (ኳሱም ቢሆን ካልሲ ውስጥ የታጨቀ ጨርቅ ነው)። እንድትገባ የሚፈቀድላት ሰው ሲጎድል ነው። ስለዚህ ዱባ።

በረንዳዬ ላይ ደብተር እያረምኩ ስመለከታት ዓመታት አለፉ። ሌሎቹ ኳሱ ወዳለበት እንደ ንብ ሲነጉዱ እሷ አትነጉድም። ኳሱ ወደሚመጣበት ትሄድና ቆማ ትጠብቃለች። የሜዳውን ቁልቁለት ታውቀዋለች፤ ከላይ የተለጋ ኳስ የት ጭቃ ላይ እንደሚሞት ታውቃለች። አንድ ቀን ምስጢሩን ብጠይቃት "ጋሼ፣ እግሩን አላይም፤ እግር ይዋሻል። ወገቡን ነው የማየው" አለችኝ። እኔ ሃያ ዓመት ተማሪ ሳስተምር የየትኛውን ተማሪ ወገብ ማየት እንዳለብኝ አላወቅሁም።

አሁን ተከላካይነት እንጀራዋ ነው። ከትምህርት ቤቶች ውድድር ወደ ፕሮጀክት፣ ከፕሮጀክት ወደ ክለብ ሄደች። የክለቡን ስም አልጠራም፤ እሷም አትወድልኝም። የአገራችን የሴቶች ክለቦች አብዛኞቹ የመንግሥት ተቋም ወይም የከተማ አስተዳደር ልጆች ናቸው፤ ንግድ ባንክ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሐዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ። ስሙ ራሱ መከላከያ የሆነ ክለብም ነበረን፤ በኋላ መቻል ተባለ። ለተከላካይ ሁለቱም ስም ይስማማታል፤ እንዲያውም የሁለተኛው ትርጉም፣ ታግሦ መሸከም ማለቱ፣ ለሥራው ይበልጥ ይቀርባል።

አከራዬ የልጅቷ አያት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አኮ ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። የመጀመሪያውን የውድድር ዓመት ጨርሳ ስትመጣ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን፣ እኔ እንድሰማ ብለው በአማርኛ "ስንት አገባሽ?" አሏት።

"አላገባሁም፣ አኮ።"

"ዓመት ሙሉ አንድም?"

"አንድም።"

አኮ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ ደመወዙ ለምኑ ነው?"

ጎረቤት የሆኑ ሴትዮ ደግሞ ጨዋታውን ከመሃሉ ሰምተው "ገና ልጅ ናት፣ ምን አስቸኮላት፣ ታገባለች" ብለው አጽናኗቸው። አማርኛ ለተከላካይ ሴት ክፉ ቋንቋ ነው። "አላገባሁም" ባለች ቁጥር በአንድ አፍ ሁለት ጉድለት ትናዘዛለች።

የአኮ ጥያቄ ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። የዓለም እግር ኳስም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከዱራሜ የወጣችው ሎዛ አበራ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ስትጫወት፣ በኋላም አሜሪካ ስትሻገር፣ ስሟ የቀደማት በጎሎቿ ነው፤ ጎል ይቆጠራል፣ ይጻፋል፣ በስልክ ተቀርጾ ባሕር ይሻገራል። ያልገባ ጎል በምን ይቀረጻል? አጥቂዋ ልታገኘው የነበረውን ኳስ አንድ እርምጃ ቀድማ በመቆሟ ብቻ ያስቀረች ተከላካይ፣ ምንም ነገር እንዳይሆን አድርጋለችና፣ የሚታይ ነገር የለም። ሜዳውን ያየ ሰው "ጨዋታው ቀዘቀዘ" ይላል። የሴቶች ባሎንዶር በፈረንጆቹ 2018 ከተጀመረ ወዲህ አንዲት ተከላካይ አልወሰደችውም። እንግሊዛዊቷ ሉሲ ብሮንዝ በ2019 ሁለተኛ እስከ መሆን ደርሳለች፤ ከዚያ አላለፈችም። (ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ልቀጥል፤ የኳስ መዝገብ እንዲያ ስለሚይዛቸው ነው።)

በጥቅምት 2023 የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ ሉሲ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ ናይጄሪያን አስተናገደ፤ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማጣሪያ። ያን ጊዜ ናይጄሪያ ማለት ከሦስት ወር በፊት በዓለም ዋንጫ አስተናጋጇን አውስትራሊያን ያሸነፈ፣ ከእንግሊዝ ጋር ያለ ጎል ተለያይቶ በመለያ ምት ብቻ የወጣ፣ በመደበኛው ሰዓት ማንም ያላሸነፈው ቡድን ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ለአንድ ወጣ። በማግስቱ ሻይ ቤት ውስጥ ተማሪዎቼን ያዝኩና ስለ ጨዋታው አወራን። ስለ ጎሉ አወሩ፤ ስለ ዳኛው አወሩ። "ከኋላ እነማን ነበሩ?" ስላቸው ዝም አሉ። ስድስት ቀን ቆይቶ አቡጃ ላይ አራት ለባዶ ተሸነፍን። ያን ጊዜ ሻይ ቤቱ በሙሉ ስለ ተከላካዮች አወራ፤ የቆሙበትን፣ ያልቆሙበትን፣ መቆም የነበረባቸውን እንደ ብርሌ እያነሣ ሲጥል አመሸ። ስማቸው የታወሰው ያን ቀን ነው።

እንዲሁ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ ቡድኑ በአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ሆኖ ነበር፤ ለሦስተኛነቱ ጋና ያሸነፈችን በመለያ ምት ነው። ጎል የሚያገቡ ብቻ አልነበሩም እዚያ ያደረሱን።

እኔ ልጅቷን ሳስብ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ ናይጄሪያዊቷ ኦኖሜ ኤቢ ናት፤ የመሀል ተከላካይ። ከ2003 እስከ 2023 በስድስት የዓለም ዋንጫዎች ለአገሯ ተመርጣለች፤ ከአፍሪካ ወንድም ሆነ ሴት ይህን ያደረገ ቀድሟት የለም። በስዊድን፣ በቱርክ፣ በቤላሩስ፣ በቻይና፣ በስፔን ኖራለች። በስድስተኛው ዋንጫዋ አርባ ዓመት ሞልቷታል። በአርባ ዓመት አጥቂ ሆኖ መቆየት ይከብዳል፤ ፍጥነት ቶሎ የሚከዳ ወዳጅ ነው። ተከላካይ ግን እግሯ የቀነሰውን ዓይኗ ይሞላላታል፤ ሃያ ዓመት ወገብ ስታይ የኖረች ሴት መሮጥ የሚያስፈልጋት እየቀነሰ ይሄዳል። ሜዳው በሙሉ ከፊቷ ነው፤ አጥቂዋ የምታየው ግን አንድ በር ነው።

ስለ ሥራው ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ ግማሹ አፍ ነው። "ሰው አለ!"፣ "ብቻሽን ነሽ!"፣ "ውጡ!" እያለች ዘጠና ደቂቃ ካልጮኸች መስመሩ ይፈርሳል፤ አንዷ ከቀረች ኦፍሳይድ የነበረችው አጥቂ ብቻዋን በረኛዋ ፊት ትቆማለች። ይቺ ልጅ ያደገችው ድምፅሽን ቀንሺ እየተባለች ነው። አኮ ራሳቸው "የሴት ልጅ ድምፅ ከአጥር አይለፍ" ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ለእረፍት ስትመጣ ድምፅዋ እንደ ሸካራ ገመድ ሆኖ ነው የምናገኘው። አኮ ማር በሎሚ ያጠጧታል፤ ከምን እንደ ሻከረ ግን አይጠይቁም፤ አንድ ቀን በቴሌቪዥን አይተዋታልና።

የከተማችንን ታሪክ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ አስቴር ገኖን ሳያስታውስ አያልፍም። መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ተተርጉሞ በ1899 ሲታተም የሚነሣው የተርጓሚው የኦነሲሞስ ነሲብ ስም ነው፤ ይገባዋልም። ግን በልጅነቷ ከባርነት መርከብ የዳነች፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች ሴት ከኋላው ነበረች። የቋንቋውን ቃላት ለቅማ ያቀረበችለት፣ አምስት መቶ ያህል የቃል ሀብት፣ ዘፈኑንና ተረቱን፣ እንቆቅልሹንና ምሳሌያዊ ንግግሩን፣ ከትዝታዋ ቀድታ በወረቀት ያሰፈረች አስቴር ናት። በኋላ ነቀምቴ መጥታ አስተማረች፤ በ1964 አረፈች። ኦነሲሞስ ቃል በጎደለው ጊዜ ዞር ብሎ የሚያያት ቦታ ላይ ነበረች። ልጅቷን ስለ አስቴር ብነግራት "ምን ቁጥር ነበር የምትለብሰው?" አለችኝ። ቀልዷ እንዲህ ነው፤ ስድስት ቁጥር በያት ብዬ ነበር፣ አልተስማማንም።

የሙያው ሌላ ግማሽ አጥንት ነው። በ2025 የአውሮፓ ዋንጫን እንግሊዝ ስትወስድ ያቺው ሉሲ ብሮንዝ ውድድሩን በሙሉ የተጫወተችው የቅልጥም አጥንቷ ተሰንጥቆ እንደነበር ከፍጻሜው በኋላ ተናገረች። ይህን ዜና ለአኮ የነገርኳቸው የሚደነቁ መስሎኝ ነው። እሳቸው ግን "አንጮቴ አልነበራቸውም?" አሉ።

ወለጋን ለማያውቅ፣ አንጮቴ ከመሬት ውስጥ የሚቆፈር ሥር ነው። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤ ታሽቶ ይበላል፤ ለመስቀል የሌለበት ቤት ቤት አይባልም። የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ተብሎ ለታመመና ለአራስ ይሰጣል፤ በካልሲየም የበለጸገ መሆኑን ያጠኑትም ይመሰክሩለታል። አኮ ይህን ከላቦራቶሪ አልጠበቁም። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት አንጮቴን የሚመድቡት ከዱባ ቤተሰብ ነው። ይህን ባወቅሁ ቀን በዚያ ሜዳ መካከል ገብቼ የተቆጣሁት ቁጣ እንደገና አሳፈረኝ፤ ትንሽም ደስ አለኝ።

የልጅቷ ውል የአንድ ዓመት ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ፊርማ ይጠበቃል፤ ስልኳ ከእጇ አይለይም። ውድድሩም ሁሉም ክለቦች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ተሻግረው የሚጫወቱበት ጊዜ ብዙ ነውና ካምፕ ከገባች መምጫዋ አይታወቅም። ጉልበቷ ላይ ሁለት ጠባሳ አለ። አንዱ የሸርተቴ ነው። ሁለተኛው የዚሁ የቡርቃ ጃቶ ድንጋይ ነው፤ ጎል የነበረው።

ባለፈው ጊዜ መናኸሪያ የሸኘናት ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። አኮ አንድ ማዳበሪያ አንጮቴ አስይዘዋታል፤ ከነአፈሩ። አዲስ አበባ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ረዳቱ ማዳበሪያውን ጣሪያ ላይ ሊጭነው አነሣ። "ከላይ አይሆንም፣ ዕቃ ይጫነዋል" አሉ አኮ። "እናቴ፣ ውስጥ ቦታ የለም" አላቸውና ወደ መሰላሉ ዞረ። ልጅቷ መሰላሉ ፊት ቆማ ነበር። በግራ በኩል ሊያልፍ አለ፤ በግራ አለች። ሣቅ ብሎ በቀኝ ሞከረ፤ እግሯን ያነሣች ሳትመስል በቀኝ አለች። እጇን አልዘረጋችም፣ አልነካችውም፣ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ዓይኗ ወገቡ ላይ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ማዳበሪያውን እንደ ታቀፈ ትንሽ አሰበና፣ ተመልሶ ገብቶ ከመቀመጫዋ ሥር ከተተው።