ስለ አሮጌ ማሾ ፍለጋ

በአዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለውን ስፍራ በዝና የማያውቅ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። የመዶሻው ድምፅ ገና ከሩቅ ይሰማል። በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ፣ ጣሳው ተቈርጦ ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ ተሰንጥቆ ጫማ የሚሆነው በዚያ ነው። ስሙም «ምን አለሽ?» ከሚለው የገዢ ጥያቄ እንደ መጣ ሲነገር እንሰማለን። እኛም ከማስተማር ሥራችን የምናርፍባት ቅዳሜ በመጣች ቍጥር ወደዚህ ስፍራ መመላለስ ከጀመርን እነሆ ስድስት ዓመት ሆነን። የምንፈልገውም አሮጌ ፋኖስ፣ አሮጌ ማሾ፣ እንዲሁም መንገደኞች በድንኳን ሲያድሩ የሚገለገሉባትን ትንሽ የነዳጅ ምድጃ ነው። ባለቤታችን ይህን ልማዳችንን «የዝገት ማኅበር» ብላ ሰይማዋለች፤ አባሉም ሙሴውም አንድ ሰው የሆነበት ማኅበር መሆኑ ነው።

ይህ ፍለጋ በእኛ አገር እንግዳ ቢመስልም በሌላው ዓለም የታወቀ ነው። ፈረንሳዮች የአሮጌ ዕቃ ገበያን «የቁንጫ ገበያ» ይሉታል፤ በፓሪስ ዳር ያለው የሴንት ኡዋን ገበያ በዚህ ስም ዝነኛ ሆኗል። በስዊድንም፣ በጀርመንም፣ በአሜሪካም ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የድሮ ማሾና ምድጃ ለማግኘት የሚሽቀዳደሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። በእኛ ዘንድ ግን ዕቃው ወደ ገበያ የሚደርሰው በቆራሌው ትከሻ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ያልፋል፤ የቤት እመቤቲቱም ከአልጋ ሥር ወይም ከጓዳ ማዕዘን ያለውን የተጣለ ብረት አውጥታ ትሸጥለታለች፤ እርሱም ሰብስቦ ወደ መርካቶ ያወርደዋል። ከዚያ በኋላ ጊዜው አጭር ነው። የነሐስ ዕቃ እንደ ሆነ በኪሎ ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ ይሄዳልና፥ ፈላጊው ከሚዛኑ በፊት ካልደረሰ መቶ ዓመት የኖረች ማሾ በአንድ ቀን የበር እጀታ ትሆናለች። ከእኛ የማልዶ መነሣት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኤሌክትሪክ ባለበት ለተወለደ ወጣት አንባቢ ልዩነታቸውን እንግለጥለት። ኩራዝ ማለት በጣሳ ወይም በጠርሙስ ውስጥ ክር ነክረው የሚያበሩት ነው፤ ብርሃኑ ጥቂት፥ ጥላሸቱ ብዙ ነው። ፋኖስ ያንኑ ክር በመስተዋት አጥሮ ነፋስ እንዳያጠፋው ያደረገ ነው። ማሾ የምንላት ግን የምትበራው በክር አይደለም። በሆዷ ያለው ላምባ በማናፊያ በገባው ነፋስ ተገፍቶ በቀጭን ቧንቧ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቧንቧው አስቀድሞ በአልኮል ነበልባል የጋለ ስለ ሆነ ላምባው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም መርፌ በምታሾልክ ቀዳዳ ወጥቶ ከአየር ጋራ ተቀላቅሎ ሲነድ ነበልባሉ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ ነበልባል ሙቀት እንጂ ብርሃን እምብዛም የለውም። ብርሃኑን የምትሰጠው በነበልባሉ ላይ የምትንጠለጠለው ከረጢት መሰል የጨርቅ መረብ ናት። ይህችን መረብ ያስገኘ ካርል አውር ፎን ቬልስባህ የተባለ ኦስትርያዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ በ1891 ዓ.ም. ደግሞ 99 እጅ የቶርየም፣ 1 እጅ የሴርየም ኦክሳይድ ያለበትን ድብልቅ አገኘ። ጨርቁ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል፤ የሚቀረው አመዱ ነው፤ እንዲያ የሚያንጸባርቀውም ያው አመድ ነው። በልጅነታችን «ማሾ ይዘህ አትሩጥ» እየተባልን የተቈጣነውም ስለዚህ ነበር፤ አመዱ በጥቂት ንቅናቄ ይረግፋልና። ቶርየም ጥቂት ጨረር የሚያወጣ ማዕድን ስለ ሆነ፥ ከአሮጌ ማሾ የረገፈ አመድ ቢገኝ ልጆች እንዳይነኩት፥ አቧራውም እንዳይተነፈስ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ እጅን መታጠብ ይገባል።

ምድጃዋ ከማሾ ጋራ የእኅትማማች ያህል ናት። በ1892 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድቅቪስት የተባለ ሰው ላምባን ወደ እንፋሎት ለውጦ ያለ ጥላሸት የሚያነድ ምድጃ ሠራ፤ ስሙም ፕሪመስ ተባለ። ይህቺው ምድጃ በ1911 ዓ.ም. ከአሙንድሰን ጋራ ወደ ደቡብ ዋልታ ሄዳለች። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሂላሪና ቴንዚንግ የኤቨረስትን ጫፍ በረገጡበት ማለዳ፥ የሂላሪ ጫማ በሌሊቱ ውርጭ እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለ ነበር በፕሪመስ እሳት አሙቆ ነው ሊያጠልቀው የቻለው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው ከተራራው ከፍታ ይልቅ የጫማው ነገር ይገርማቸዋል። ከማሾዎች መካከል ደግሞ በርሊን በነበረው የኤሪክና ግሬትስ ፋብሪካ የተሠራችው ፔትሮማክስ ከሁሉ ይልቅ ስመ ጥር ናት፤ የስሟ ኋለኛ ክፍል ማክስ ግሬትስ ከተባለው ባለቤቷ ስም የተወሰደ ነው። በአሜሪካ በካንሳስ ክፍለ ሀገር ዊቺታ ከተማ ያደገው ኮልማንም አለ፤ በብዙዎቹ የኮልማን ፋኖሶች ግርጌ የተሠሩበት ወርና ዓመት በቍጥር ተመትቶ ይገኛል። እኛ እስከ ዛሬ ካገኘናቸው የሚበዙት ግን ቢራቢሮ ወይም መልሕቅ የተሳለባቸው የቻይና ሥራዎች ናቸው። አንዱ ነጋዴ የጀርመን ጽሕፈት ያለባት ከእጁ ከገባች ዋጋዋን በአንድ ትንፋሽ እጥፍ ያደርገዋል።

ስለ አገዛዙም ጥቂት እንናገር። አንድ ቀን አንድ ወጣት ነጋዴ እንደ መስተዋት የተወለወለች ማሾ አንሥቶ፥ «ጋሼ፥ ይቺ እኮ ወርቅ ናት!» አለን። እኛም፥ «ወርቅ ከሆነችማ ወደ ወርቅ ቤት ውሰዳት፤ እኛ የምንፈልገው ነሐስ ነው» አልነው። ስቆ ዋጋውን ቀነሰ፤ ቢሆንም አልገዛናትም። የተወለወለ ዕቃ ስንጥቁንና የብየዳ ጠባሳውን ይሰውራል፤ ጥላሸት የለበሰው ግን የሚደብቀው የለውም። ስለዚህ በመጀመሪያ ሆዱን ገልብጠን ግርጌውን በጣታችን እንዳስሳለን፤ ነሐስ በእርጅና ጊዜ በመታጠፊያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣልና። ከዚያም ክዳኑን ከፍተን እናሸታለን። ወደ ቤት ከመጣ በኋላ ባዶውን ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ አግብተን ጥቂት እናናፋዋለን፤ አረፋ ካወጣ ለጌጥ ይቀመጣል እንጂ እሳት አያይም። ጎሚኒው ይለወጣል፤ የማናፊያው ቆዳ ይለወጣል፤ ቀዳዳዋ ትጸዳለች፤ የተበየደ የነዳጅ ሆድ ግን በቤታችን አይነድም። በዚህ ነገር ባለቤታችንና እኛ ምንም ክርክር የለንም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነን ነገር አለ። በቅርብ ዓመታት ቡና ቤቶች አሮጌ ማሾ እየገዙ ሆዷን በመሰርሰሪያ ቀድደው የኤሌክትሪክ አምፑል ያገቡባታል። ከማቅለጫው መትረፏ መልካም ነው ይባል ይሆናል። ለእኛ ግን በገናን አውታሩን በጥሶ ግድግዳ ላይ እንደ መስቀል ነው የሚታየን።

አሁን ወደ አንድ ብርቱ ጉዳይ እንለፍ። ያለፈው ዓመት ክረምት ልጃችን ከእኛ ጋራ ወርዶ፥ በተጨራመተ ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት የኮልማን ምድጃ አገኘ። ዘጠነኛ ክፍል ነውና እንግሊዝኛ ማንበቡን ሊያሳየን ወድዶ በላይዋ የተጻፈውን አነበበ፤ «ዋይት ጋዝ» ይላል። «አባዬ፥ ነጭ ጋዝ ነው የምትፈልገው፤ እቤት አለን እኮ!» አለ። ትርጓሜው ቃል በቃል ትክክል ነው፤ ነገሩ ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው። በእኛ አገር ነጭ ጋዝ ማለት ላምባ ነው፤ አሜሪካኖች በዚያ ስም የሚጠሩት ግን የተጣራ የቤንዚን ዓይነት ነው። በቤንዚን ምድጃ ላምባ ቢጨመር በደንብ ወደ እንፋሎት ሳይለወጥ ይንጠባጠባል፤ ይጨሳል፤ ነበልባሉም ይንቦገቦጋል። ይህ ክፉ ነው፤ ከዚህ የሚከፋው ግን ግልባጩ ነው። ለላምባ በተሠራ ማሾ ወይም ፕሪመስ ውስጥ ቤንዚን የገባ እንደ ሆነ፥ ቤንዚን ያለ ማሞቂያ በራሱ የሚተን ስለ ሆነ ማሾዋ ማሾ መሆኗ ቀርቶ ቦምብ ትሆናለች።

ይህንንም የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንዲት ጐረቤታችን ከአንድ ሱቅ ላምባ ብላ የገዛችው ቤንዚን የተቀላቀለበት ሆኖ፥ ምድጃዋን ስትለኵስ ሁለት እጆቿ ተቃጠሉ። ዛሬም ሊጥ ስታቦካ ጣቶቿ እንደ ልብ አይታዘዙላትም። ስለዚህ ከእሳት ርቀን፥ በደጅ፥ ከተገዛው ላምባ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ እናንጠባጥባለን። ላምባ ከሆነ እንደ ዘይት ያለ ምልክት ትቶ ይቈያል፤ ቤንዚን ከሆነ ግን ፈጥኖ ተንኖ ይጠፋል። ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበትን ይህ ፈተና አይለየውምና፥ ሽታው ያጠራጠረንን ሁሉ እንመልሰዋለን። በተዘጋ ቤት ውስጥም ማሾም ሆነ ምድጃ አናነድም፤ ጥላሸት የለውም ማለት የሚገድል አየር የለውም ማለት አይደለምና። ልጃችን ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ በምድጃዋ ላይ በነጭ ቀለም «ላምባ አይደለም» ብሎ ጻፈባት፤ ፊደሉ ጠማማ ቢሆንም አልደመሰስነውም።

ከሰበሰብናቸው ሁሉ ግን ከቤታችን የወጣች አንዲት ማሾ ናት። አባታችን በሰሜን ሸዋ በሚገኘው የትውልድ ቀበሌያችን ብቸኛው ባለ ማሾ ነበሩ። ሠርግ የደገሰ ሁሉ፥ ተዝካር ያወጣ ሁሉ ይዋሳታል፤ የጥምቀት ሌሊትም በድንኳኑ ደጅ ተሰቅላ ታድር ነበር። እኛም ገና በዲቁና ትምህርት ሳለን ዳዊት የደገምነው በእርሷ ብርሃን ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደሚገኝበት ከተማ ስንሄድ፥ አባታችን ለመጀመሪያው ዓመት የቤት ኪራያችንና ለደብተራችን ብለው ሸጧት። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የበራው ኩራዝ ነበር፤ እናታችንም እስክታርፍ ድረስ ማታ ማታ የፈተለችው በዚያው ኩራዝ ጢስ አጠገብ ነው።

ዓምና በኅዳር ወር እርሷን የመሰለች፥ 500 ሲ.ፒ. የሚል የተቀረጸባት ማሾ ከሚዛኑ ላይ አነሣን። ሁለት ወር ሙሉ ጠገንናት። ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ስንወርድም ይዘናት ሄደን በአባታችን ፊት አስቀመጥናት። እሳቸውም ከግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ከፀሐይ የምትሞላ ትንሽ መብራት በከዘራቸው እያመለከቱ፥ «እኔ ይቺ አለችኝ፤ ምንም አትጮኽም፥ ምንም አትጠጣም» አሉን። ይሁን እንጂ እጃቸው ወደ ማናፊያው ሄደ። ሁለት ጊዜ አናፍተው አዳመጡና፥ «ቆዳው ደርቋል» ብለው አወጡት፤ ለጋ ቅቤ አስመጥተው ቀቡት፤ በአውራ ጣታቸውም ጠርዙን እንደ ጽዋ አፍ ከፈቱት። እኛ የቀባነው የሞተር ዘይት ነበር፤ ቅቤው እንደሚሻል አላስረዱንም፥ ዝም ብለው አደረጉት እንጂ።

በበራች ጊዜ ቤቱ በዚያ በምናውቀው ፉጨት ተሞላ። የጐረቤት ልጆች በሩን ሞልተው ይመለከቱ ጀመር። አባታችን ብርሃኑን ትተው ጥጥ ማስቀመጫ የነበረውን ማዕዘን ለብዙ ጊዜ ሲመለከቱ ቈዩ። ከዚያም፥ «የተሸጠች ቀን የከፋት እናትህ ነበረች» አሉን። «እኔስ ከጩኸቷ ተገላግዬ ነበር። እርሷ ግን ሦስት ቀን አልፈተለችም። ለአንተ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበረ።»

የምንመልሰው አልነበረንም። እሳቸውም መልስ ሳይጠብቁ የነፋሱን መክፈቻ ፈትተው ማሾዋን አጠፏት፤ እስክትቀዘቅዝም ጠብቀው መስተዋቷን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ። በመስተዋቱ ላይ እኛ ያላየናትን አንዲት ስንጥቅ በጣታቸው እያሳዩን፥ «ለፋሲካ ስትመጣ ሌላ መስተዋት ፈልገህ አምጣ፤ ይህ አንድ ክረምት አይዘልቅም» አሉን።