ባዶ መሬት የለም

የሰው ልጅ እርሻ ሲጠበው፣ ዝናም ሲከዳው ወይም ጉልበተኛ ሲጫነው ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ ምድር ፍለጋ መውጣቱ የቆየ ነገር ነው። አንድ ድስት፣ አንድ መጥረቢያ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ዘር፤ ከዚያ በላይ የሚይዘው ተስፋውን ብቻ ነው። እኛ ሠልጣኞች ይህን ጉዳይ ለግድግዳ ጋዜጣችን ስናቀርብ ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን የሠፋሪ ልጆችና የልጅ ልጆች አለን። የቀረነውም ብንሆን ምደባ ሲወጣ ወደማናውቀው ቀበሌ መሄዳችን አይቀርም።

በታሪክ ትምህርት ስለ አሜሪካ ሠፋሪዎች ስንማር መጀመሪያ የማረከን ድፍረታቸው ነበር። በ1862 እ.ኤ.አ. የወጣው የመሬት ሕግ 160 ኤከር፣ ማለትም ወደ 65 ሄክታር ገደማ፣ አምስት ዓመት ኖሮበት ላረሰው ሰው በጥቂት የመመዝገቢያ ክፍያ ይሰጥ ነበር። እዚህ ጌዴኦ ውስጥ ብዙ አባወራ ከአንድ ሄክታር ባነሰ ማሳ ላይ ቡናውንም እንሰቱንም አቀላቅሎ ልጅ ሲያሳድግ ለምናይ ለእኛ፣ 65 ሄክታር ማለት ተረት ነው እኮ! ታዲያ መሬቱ ቢሰፋም ኑሮው ቀላል አልነበረም። በሜዳው ዛፍ ስለሌለ ሠፋሪው ሣር ያዘለውን አፈር እንደ ጡብ እየቆረጠ ቤት ሠራ። በ1874 እ.ኤ.አ. አንበጣ ወርዶ አዝመራውን ጠርጎ በላበት። ብዙዎች አምስቱን ዓመት ሳይጨርሱ ጥለው ተመለሱ።

ይህን ሁሉ ስንሰማ አዘንላቸው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀረብን፤ ያ ሁሉ መሬት የማን ነበር? ባዶ ነው የተባለው ሜዳ ጎሽ እየተከተሉ በየወቅቱ የሚዘዋወሩ ሕዝቦች አገር ነበር። ዛሬ እዚህ ካላየሃቸው ነገ ይመለሳሉ። ለአዲስ መጪ ግን ሰው የሌለበት ይመስላል። የአንዱ ተስፋ የሌላው ስደት የሆነው እንዲህ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1977 ዓ.ም. ወሎን፣ ትግራይንና ሰሜን ሸዋን ድርቅና ረሀብ ሲፈጃቸው፣ የጊዜው መንግሥት ታላቅ የሠፈራ ዘመቻ ጀመረ። በ1977 እና በ1978 ብቻ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በአንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተጓጓዘ። በፈቃዱ የሄደ ነበረ። እህል ይሰጥሃል ተብሎ ተጠርቶ፣ ከገበያ ተይዞ የተጫነም ነበረ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያይተዋል። ከደጋ የመጣው ሰው በቆላው ወባ አለቀ፣ በሬውንም የቆላ ዝንብ ጨረሰበት።

ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዱ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሚገኘው ፓዌ ነው። እዚያ የሠፈረው የሰሜን ሰው ብቻ አልነበረም፤ መሬት ከጠበበባቸው ከከምባታና ከሐዲያም ብዙ ሰዎች ሄደዋል። የመኝታ ክፍል ጓደኛችን አጎት ፓዌ ያደጉ ናቸው። ባለፈው ሊጠይቁት መጥተው ሻይ እየጠጣን ስናወራ፣ «የኛ መንደር እኮ ስም አልነበራትም፣ ቁጥር ነው የነበራት» አሉን። እውነት ነው፤ የፓዌ መንደሮች መንደር 7፣ መንደር 24 እየተባሉ ነው የሚጠሩት። ሰው ተወልዶ፣ ተድሮ፣ ወልዶ ሳለ «አገርህ የት ነው?» ሲባል ቁጥር ይናገራል። እሳቸው ስቀው ነው ያወሩን፤ እኛን ግን አላሳቀንም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቁጥር የተሰጠው ምድር ቀድሞውንም ስም ነበረው፤ ጉሙዞች ያውቁት ነበር። የጉሙዝ ገበሬ አንዱን ማሳ አርሶ ሲደክምበት ያሳርፈውና ወደ ሌላው ይዛወራል። ያረፈው መሬት ዱር ሲሆን፣ ከሩቅ መጥቶ ለሚያይ መሐንዲስ ባለቤት የሌለው መሰለ። በጣሊያን መንግሥት እርዳታ መንገድና ሆስፒታል ተሠርቷል፤ ጥቅሙን አንክድም። ነባሩ ሕዝብ ግን ማንም ሳይጠይቀው ከዱሩና ከማሳው ተገፋ፤ በእሱና በሠፋሪው መካከልም ደም ፈሰሰ። ሠፋሪውም ወዶ ያመጣው ነገር አልነበረም። ሁለቱም ድሆች ነበሩ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የጌዴኦ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቦልናል፣ ኩራታችን ነው። ነገር ግን በጣም ብዙ ሕዝብ የተሸከመ ምድር ነው። ከዚህም የተነሣ ከአያቶቻችን ጀምሮ ብዙዎች ወደ ጉጂ ምድር ወጥተው ቡና ተክለዋል። ከብት አርቢው ጉጂ ቅቤውን ይዞ ይመጣል፣ ጌዴኦው ቆጮውን፤ በገበያ ተገናኝተው ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል። ዳሩ ግን ከብት ወደ ሌላ ግጦሽ ሲነዳ የሚቀረው ሜዳም ለአራሽ ዐይን ባዶ ይመስላል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን ሰው ተፈናቀለ፤ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች ቁጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። መንስኤው ብዙ ነው፤ የመሬትና የወሰን ጥያቄ ግን አንዱ ነበር።

እኛ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። የመማሪያ ክፍላችን የተፈናቃዮች ማደሪያ ሆነ። ዴስኮቹ ውጭ ተቆለሉ፤ ሰሌዳው ላይ ያልተጠረገ የሂሳብ ትምህርት እንዳለ ነበር፤ እናቶች ከሥሩ ሕፃናት ያስተኙ ነበር። ከእነሱ መካከል እድሜያችን የሆኑ ልጆች ነበሩ። «ትምህርት መቼ ይጀመራል?» ብለው የጠየቁን እነሱ ነበሩ እንጂ እኛ አይደለንም።

ታዲያ ሰው ከአገሩ አይነቃነቅ ልንል ነው? አይደለም። የራበው ሰው ተስፋ ማድረጉ ነውር የለበትም። የምንለው ይህን ነው፦ ባዶ መሬት የለም። ያልተጠየቀ ጎረቤት እንጂ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ምሳሌ ለሠፋሪ ከማንም በላይ ይሠራል። አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር፤ ጌዴኦና ጉጂ ጎንዶሮ በሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ደም የተቃቡትን ዳግመኛ እንዳይነካኩ ያማምላሉ።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? የሠፋሪውና የነባሩ ልጅ በአንድ ዴስክ የሚቀመጡት የት ነው? እኛ ክፍል ውስጥ አይደል! እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከምደባ በኋላ የመጀመሪያውን የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት እንዲህ እንጀምረው። ልጆቹ ማታ ቤታቸው ገብተው የወንዙን፣ የኮረብታውንና የትልቁን ዛፍ ስም ከሽማግሌ ጠይቀው ይምጡ። ሁለት ስም ያለው ቦታ ካለ ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ እንጻፍ። ስሙን የጠየቁበትን ምድር ባዶ ነው ማለት ይከብዳል።