የጣሳ ኩራዝ

ከዶርማችን አልጋ ሥር አርባ ያህል ባዶ የቢራና የለስላሳ ጣሳ ተጠራቅሞ ነበር። ቆራሌው ከአጥር ውጭ እየጮኸ ሲያልፍ አልሸጥንለትም። ነገሩ እሱም ወዶ አይደለም የሚጮኸው፤ አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ ለማውጣት ከሚፈጀው ኃይል 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚፈጀው፤ ገዢ አያጣም። እኛ ግን አስበንበታል! አውሮፕላን፣ መተርኮሻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኩራዝ ሠርተን በኤግዚቢሽን እንሸጣለን፤ በገንዘቡም ለዚህች መጽሔት ወረቀትና ቀለም እንገዛለን።

ጣሳ መቁረጥ ቀላል ነው። ግድግዳው 0.1 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ የወረቀት መቀስ ይበቃዋል። ጣትም ይቆርጣል፤ ሁለታችን ፋሻ ጠምጥመን ለፈተና ተቀመጥን። አውሮፕላኑ አማረ። ኩራዙ ግን እምቢ አለ። ክሩ የሚያልፍበትን ቱቦ ጠቅልለን ከክዳኑ ጋር ልንበይደው ብንል፣ የቀለጠው እርሳስ እንደ ውሃ ጠብታ እየተንከባለለ ወረደ። ምን ይደረግ? በሙጫ አጣበቅነውና፣ ነገሩ ግን ስላልገባን ይዘነው ወደ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረድን፤ በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ወደሚሆንበት።

በመዶሻው ጩኸት መሀል አንድ ሽማግሌ ቆርቆሮ ሠሪ አገኘን። «ጋሼ፣ ብየዳው ለምንድነው የማይዝልን?» አልናቸው። ጣሳውን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና ሳቁ። «ይኼ አሉሚኒየም ነው ልጆቼ። የቲማቲም ጣሳ ቢሆን ይይዝላችሁ ነበር።» ኬሚስትሪ የሚያጠናው ጓደኛችን ያኔ ነው ትዝ ያለው፤ አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ይለብሳል፤ በዚያ ቆዳ ላይ ተራ ብየዳ አይጣበቅም። (አራት ዓመት ተምሮ! እዚያው ግን አላልነውም፤ ኋላ አውቶቡስ ውስጥ ነው ያልነው።)

ሽማግሌው ኩራዛችንን አገላብጠው አዩት። «ያምራል» አሉ። ቀጥለው፣ «ይበራል?»

ዝም አልን። ለመደርደሪያ እኮ ነበር የሠራነው፤ ላምባ ቢገባበት ሙጫው ይለቃል። ከመካከላችን ሦስታችን ከገጠር የመጣን ነን። በኩራዝ አጥንተን፣ አፍንጫችን በጭስ ጠቁሮ ትምህርት ቤት የሄድን ነን፤ ላምባው እንዳያልቅ እናቶቻችን «በቃ፣ ተኙ» ብለው እፍ ሲሉብን ያለቀስን። ያንኑ ኩራዝ የማይበራ አድርገን ለፈረንጅ ልንሸጠው!

እሳቸው ቱቧችንን ነቅለው ጣሉት። ከክምራቸው የቲማቲም ጣሳ ክዳን አውጥተው፣ አዲስ ቱቦ በየዱበትና በእኛው ጣሳ አናት ላይ ጠርዙን እያጠፉ ቆለፉት። የጣሳው ገላ ከአንድ ሉህ ተስቦ የተሠራ ስለሆነ መገጣጠሚያ የለውም፤ አያፈስም። ክር አስገቡ፤ ላምባ ጠብ አደረጉበት፤ ለኮሱት። በቀትር ፀሐይ ነበልባሉ በቅጡ አይታይም፤ ጭሱ ግን ሸተተን።

«ስንት ነው ጋሼ?»

«የምን ስንት? ጣሳው የእናንተ አይደል እንዴ?» ብለው ወደ መዶሻቸው ተመለሱ።

አውሮፕላኖቹ ሁሉ ተሸጡ። የኩራዙን ዋጋ የጠየቁም ነበሩ፤ ተነጋግረን አይሸጥም አልን። አሁን መስኮታችን ላይ ነው። ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሲጠፋ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ በሱ ነው የገለበጥነው።